ባክቴሪያ፣ መርዝና እብጠት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ የባህል መድኃኒት በላብራቶሪ አይጥ የሚፈትሹ ተማሪዎች አሉ። ደግ ሥራ ነው። ወሬው ከግቢ ወጥቶ ሰፈር ሲደርስ ግን መልኩን ይቀይራል፦ «ቅጠሉ እብጠት አጥፍቷል፤ ስለዚህ ኢንፌክሽን ያድናል» ይባላል። ይህን አምኖ ያመረቀዘ ቁስል ይዞ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ያሳስበኛል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

«እብጠቱን የሚሠራው መርዙ ነው»

የሚሠራው የእንስሳው የራሱ ሰውነት ነው። እንደ ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎች የውጭ ሽፋናቸው ላይ ከስብና ከስኳር የተሠራ ሊፖፖሊሳካራይድ የሚባል ነገር አለ። ኢንዶቶክሲን የሚሉት የባክቴሪያ መርዝም እሱ ነው። ከእሱ ጥቂቱ በአይጥ መዳፍ ውስጥ ሲወጋ፣ ሕዋሳት ላይ ያለው ቲኤልአር4 የተባለ ተቀባይ ወዲያው ይለየዋል። ሕዋሳቱም እንደ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-1 ያሉ መልእክተኞችን ይለቃሉ። የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ይላላል፣ የደሙ ፈሳሽ ወደ ሥጋው ይሰርጋል። ነጭ የደም ሕዋሳትም ይከተላሉ። መዳፉ ይቀላል፣ ይግላል፣ ይወጠራል።

ማስረጃ ከተባለ፣ ሲ3ኤች/ኤችኢጄ የሚባል የአይጥ ዘር አለ። ኢንዶቶክሲን ቢወጋም እምብዛም አይነካውም። የአሜሪካዊው ተመራማሪ ብሩስ ቦይትለር ቡድን በ1998 (እ.ኤ.አ.) ምክንያቱን አገኘ፦ የቲኤልአር4 ጂኑ ተበላሽቷል። ቦይትለር በ2011 ኖቤል ከተጋሩት አንዱ ሆነ። ታዲያ እነዚህ አይጦች ዕድለኞች አይደሉም። ሕያው ሳልሞኔላ ሲገባባቸው ከሌሎቹ ቀድመው ይሞታሉ። ማበጡ መከላከያም ነው ማለት ነው።

«መርዙ ከፈላ በኋላ ምንም አያደርግም»

ጀርመናዊው ተመራማሪ ሪቻርድ ፋይፈር በ1892 አካባቢ በሙቀት የተገደለ የኮሌራ ባክቴሪያ ለጊኒ ፒግ ሰጠ። ባክቴሪያው ሞቷል፤ እንስሳቱ ግን ታመው ሞቱ። ኢንዶቶክሲን በተለመደው የ121 ዲግሪ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድል ማሽን) አይጠፋም። የብርጭቆ ዕቃን ከእሱ ለማጽዳት በ250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት 30 ደቂቃ ያህል ያስፈልጋል። መርፌ የሚወጋ ፈሳሽ ከጀርም ነጻ ቢሆንም ለኢንዶቶክሲን ለብቻው የሚመረመረው ለዚህ ነው።

«የባክቴሪያ መርዝ ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። የኮሌራ መርዝ አንጀትን ብዙም ሳያስቆጣ ውሃውን ያስወጣዋል። አባ ሰንጋ ደግሞ እብጠት የሚያመጣ የራሱ መርዝ አለው።

«አይጥ ላይ የታየው ሰው ላይም ያው ነው»

ሰውን በኪሎ ጥቂት ናኖግራም ኢንዶቶክሲን ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል። አይጥ ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ የሚበልጠውን ትችላለች። ስለዚህ መጠኑን እንዳለ ገልብጦ ሰው ላይ ማዋል አይቻልም።

«እብጠቱ ከቀነሰ ባክቴሪያው ሞቷል»

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ቅጠሉ በሚሞከርበት በተለመደው የመዳፍ ፈተና፣ እብጠት እንዲመጣ የሚወጋው ካራጂናን ነው፤ ከባሕር አረም የሚወጣ ነገር እንጂ ባክቴሪያ አይደለም። ከዚያ በየሰዓቱ የአይጧ እግር ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ውሃው ከፍ ባለው ልክ እብጠቱ ይለካል። እዚህ ውስጥ የሚገደል ጀርም የለም! ዴክሳሜታዞን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒትም እብጠት ያሟሽሻል፤ ባክቴሪያ ግን አይገድልም። እንዲያውም መከላከያውን ስለሚያዳክም ኢንፌክሽኑ ተደብቆ ሊስፋፋ ይችላል።

እና «ቅጠሉ ተፈትኗል» ሲሏችሁ፣ ባክቴሪያ በበቀለበት ሳህን ላይስ ተሞክሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መግል የያዘ፣ የሚሰፋ ወይም ትኩሳት ያመጣ እብጠት ካለ ግን መልሱን ሳትጠብቁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።