ግንብ ሥር መጫወት፦ የታሪካዊ ካስሎች የልጆች መጫወቻና የሐረር ጀጎል

ጀጎል ግንብ ሥር ሁለት ልጆች ተንበርክከው ብይ ይጫወታሉ። አንዱ በአውራ ጣቱ ያስፈነጥራል። ብይዋ ድንጋዩን መትታ ትመለስና የጓደኛውን ትነካለች። «ግንብ ነክታለች፣ አይያዝም!» «ይያዛል!» ክርክሩ ይጦፋል። ከ450 ዓመት በላይ የቆመው ግንብ የጨዋታው ሕግ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ልጅን ከጥንታዊ ግንብ ጋር ማጫወት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ብዙ ካስሎች፣ ማለትም ጥንታዊ የመኳንንት ምሽጎች፣ በግቢያቸው አድቬንቸር ፕሌይግራውንድ የሚባል መጫወቻ አላቸው። ዥዋዥዌና ሸርተቴ ብቻ አይደለም። የእንጨት ማማ አለው፣ የገመድ ድልድይ አለው፣ ተጎንብሰው የሚሹለኩበት ዋሻም አለው።

ሐሳቡ የመጣው ከዴንማርክ ነው። ሶረንሰን የተባለ የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ልጆች ከተሠራላቸው ሜዳ ይልቅ ግንባታ ቦታ ላይ በተጣለ እንጨትና ድንጋይ መጫወት እንደሚወዱ አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1943 ኮፐንሃገን አጠገብ ኤምድሩፕ ላይ የመጀመሪያው ተከፈተ። ልጆቹ መዶሻና ምስማር ይዘው የራሳቸውን ጎጆ ይሠሩ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሌዲ አለን የተባሉ እንግሊዛዊት ይህን አይተው ወደ አገራቸው ወሰዱት። ለንደን ውስጥ በቦምብ የፈረሱ ባዶ ቦታዎች ሞልተው ነበርና ምቹ ሆነ።

የካስሎቹ መጫወቻ ግን ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ መዶሻ የሚይዝ ልጅ የለም። ኬንት ያለው ሊድስ ካስል ለልጆች የእንጨት ምሽግ ሠርቷል። እዚያው ከጥድ ጋር በሚመሳሰሉ 2,400 ዛፎች የታጠረ፣ የገባ ሰው መውጫው የሚጠፋበት ጠመዝማዛ መንገድ አለ። መሃሉ የደረሰ ልጅ ከመሬት በታች ባለ ዋሻ በኩል ይወጣል። ካስል ሃዋርድ ደግሞ፣ ስሙ ካስል ቢሆንም ምሽግ ሳይሆን የመኳንንት መኖሪያ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ስኬልፍ አይላንድ የተባለውን መጫወቻ ከፍቷል።

እኔን በጣም የሚገርመኝ አሠራራቸው ነው። መጫወቻው ጥንታዊው ግንብ ላይ አይለጠፍም። ራቅ ብሎ፣ ሲያስፈልግ ሊነሳ በሚችል እንጨትና ገመድ ይሠራል። ከመሬት በታች ቅርስ ሊኖር ስለሚችል እንደልብ አይቆፈርም። ልጅ ሲወድቅ እንዳይጎዳ ከሥሩ የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም አሸዋ ይነጠፋል። ልጅ ግንብ ካየ መውጣት ያምረዋል፤ ይኼ የትም አንድ ነው። የሚወጣበት ሌላ ግንብ ሲሰጠው ዋናው ያርፋል።

ወደ ሐረር እንመለስ። ግንቡን ያሠራው በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሐረር ገዥ የነበረው አሚር ኑር ነው። ርዝመቱ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ዩኔስኮ በግንቡ የታጠረችውን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ውስጡ ያሉት መተላለፊያዎች ከ300 በላይ ናቸው። አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። ለድብብቆሽ የተሠሩ ነው የሚመስሉት። ሴቶቹ ሱዚ ይዘላሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ። ወንዶቹ ኳስ ይዘው ሰፋ ያለ ቦታ ፍለጋ ይሄዳሉ። ችግሩ እሱ ላይ ነው፤ ሰፊው ቦታ ገበያና ባጃጅ ይዞታል። ስለዚህ ጨዋታው ተመልሶ ግንቡ ሥር ይመጣል። ግንቡ ግን ድንጋይና ጭቃ ነው፣ የሚረግጠውን እግር ሁሉ አይችልም።

ለሐረር ልጆች ከግንቡ ውጭ፣ በር አካባቢ፣ እንዲህ ያለ መጫወቻ ቢሠራ እላለሁ። ውድ ነገር አይጠይቅም። የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ጠንካራ ገመድ፣ አሸዋ ይበቃል። ታሪኩን ከሩቅ መዋስም አያስፈልግም። አምስቱ ጥንታዊ በሮች አሉ፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። በሐረሪኛም የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ሸዋ በር አስማዲን በሪ ነው። ትንንሽ የእንጨት በሮች ተሠርተው ሁለቱም ስም ይጻፍባቸው። ከሥራቸው ደግሞ ወራባ ኑዱል ይኑር። ጀጎል ግንብ ላይ ጅብ ማታ ማታ እንዲገባበት የተተወው ቀዳዳ ነው። አምስት ዓመት የሆነው ልጅ በደረቱ ተስቦ ያልፍበታል፣ ጅቡ እሱ ይሆናል፣ ውጭ የቆሙት ደግሞ እየጮኹ ይሸሹለታል።