የኳዛር ብርሃን ከፍ ዝቅ የሚለው ኮከብ ስለዋጠ አይደለም

ደሴ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ስለ ኳዛር ባነሳሁ ቁጥር አንድ እጅ ይወጣል። «ቲቸር፣ የሚደምቀው ኮከብ ሲውጥ ነው አይደል?» ባለፈው እሁድ ደግሞ ቡና ላይ አንድ ጎረቤቴ ያንኑ ከዩቲዩብ ሰምቶ አስረዳኝ። አቦሉ ላይ መልስ ጀመርኩ፤ በረካው ሲቀዳም ገና አልጨረስኩም ነበር።

በትልልቅ ጋላክሲዎች መሃል ከፀሐይ ሚሊዮን፣ አንዳንዴም ቢሊዮን እጥፍ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ አለ። ብዙ ጋዝ ወደሱ ሲፈስ አካባቢው በኃይል ያበራል። ይህን ንቁ የጋላክሲ እምብርት እንለዋለን። እጅግ ደማቁ ዓይነት ነው ኳዛር።

ከዚህ በኋላ ከተማሪዎቼ ሌሎች ጥያቄዎችና ግምቶች ይከተላሉ። «ከጥቁር ጉድጓድ ብርሃን ካልወጣ ምኑ ያበራል?» ጋዙ። ገና ሳይገባ፣ ዙሪያውን እንደ ሰሃን ጠፍጣፋ ዲስክ ሠርቶ ሲሽከረከር እየተፋተገ ይግላል።

«የሚርገበገበው በአየሩ ነው።» አየር ኮከብን የሚያርገበግበው በሰከንድ ውስጥ ነው። ኳዛር የሚለዋወጠው በቀናት፣ በወራት፣ በዓመታት ነው። ከምድር አየር ውጭ ያሉ ቴሌስኮፖችም ያዩታል።

«ተለዋዋጭ ኮከብ ነው።» በዚህ እንኳ አልፈርድም። ቢኤል ላሰርታ የሚባለው ንቁ የጋላክሲ እምብርት በ1929 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው በተለዋዋጭ ኮከብነት ነው። የሬዲዮ ሞገድ ከሚልክ የሰማይ ምንጭ ጋር የተያያዘው በ1968 ነው።

ወደ ኮከቡ ልመለስ። ጥቁር ጉድጓድ ኮከብ በጣጥሶ የሚበላበት ጊዜ አለ፣ አልካድኩም። ግን በአንድ ጋላክሲ ውስጥ ይህ የሚሆነው በአሥር ሺህ ዓመታት አንዴ ቢሆን ነው። ሲሆንም በሳምንታት ይደምቃል፣ ከዚያ በወራት ቀስ እያለ ይከስማል። ኳዛር ግን ዘወትር ከፍ ዝቅ ይላል። በየሳምንቱ የሚበጣጠስ ኮከብ ከየት ይመጣል? ጉድጓዱ በጣም ሲገዝፍ ደግሞ ፀሐይን የመሰለ ኮከብ ሳይበጣጠስ እንዳለ ይገባል። ያኔ ብልጭታም የለም።

ታዲያ ምንድን ነው? በክረምት ቦርከና ሲሞላ ድልድይ ላይ ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ውሃው ለጥ ብሎ አይሄድም። ይሽከረከራል፣ ይጋጫል፣ አንዱ ጋ ያብጣል፣ ሌላው ጋ ይጎድላል። የጋዙ ዲስክም እንዲሁ ይታመሳል፤ የሚያምሰው በዋናነት መግነጢሳዊ ኃይል ነው። ሙቀቱ ሲለዋወጥ ብርሃኑም ይለዋወጣል። ከጉድጓዱ አጠገብ የሚፈነጥቅ ኤክስሬይ ደግሞ ራቅ ያለውን የዲስክ ክፍል ያግለዋል። አንዳንዶቹ ወደኛ ያነጣጠረ የጋዝ ፍንጥቅ አላቸው፤ እነሱ በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣሉ። አቧራማ ደመና መሃል ገብቶ የሚጋርድበትም ጊዜ አለ።

ተማሪዎቼን የምመክረው ይህን ነው፦ «ምን ዋጠ?» ብላችሁ አትጀምሩ። «በስንት ጊዜ ተለወጠ?» በሉ። ማታ ጦሳ ተራራ ላይ ሆናችሁ መብራት ሲጠፋ ደሴ በአንዴ ትጨልማለች። ከተማዋ የአንድ የብርሃን ዓመት ስፋት ቢኖራት ግን የቅርቡ ሰፈር ጠፍቶ የሩቁ ጨለማ የሚደርሰን ከዓመት በኋላ ነበር። ስለዚህ በአንድ ቀን በጉልህ የፈዘዘ ነገር ከአንድ ቀን የብርሃን ጉዞ ብዙም አይሰፋም።

ሰሞኑን አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ «ያ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አለችኝ። «አብሽሪ፣ ራስሽ አስይው» ብዬ ጠመኔውን ሰጠኋት። ብርሃን በሰከንድ የሚሄደውን 300,000 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን ባሉት 86,400 ሰከንዶች አባዛች። 26 ቢሊዮን ገደማ መጣ። ኔፕቱን ፀሐይን የሚዞርበት ምህዋር ከዳር እስከ ዳር 9 ቢሊዮን ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጽፋ ዞር አለች። «ቲቸር፣ ጋላክሲ የሚያህል ብርሃን ከዚህ ብቻ?»

አዎ፣ ከዚያ ብቻ።