በጥቂቱ የታመነው መኮንን

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሳምንት፣ ገብር ኄር በደረሰ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። አገሩ ፈረንሳይ፣ ሥራው ጸጥታ ማስከበር፣ ስሙ አርኖ ቤልትራም ነው።

መጋቢት 14 ቀን 2010 ዓ.ም. ዓርብ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠርም የዋለው በዚሁ በገብር ኄር ሳምንት ነው። በደቡብ ፈረንሳይ፣ ካርካሶን አጠገብ ባለችው በትንሿ የትሬብ ከተማ፣ አንድ ታጣቂ ሱፐርማርኬት ገብቶ ሁለት ሰዎችን ገደለ። ቀደም ሲል በመንገድ ላይ ሌላ ሰው ገድሎ ነበር የመጣው። ገበያተኛው ሲሸሽ አንዲት ገንዘብ ተቀባይ እጁ ላይ ቀረች። ሌተና ኮሎኔል አርኖ፣ የ44 ዓመት ጎልማሳ፣ በእርሷ ፋንታ እኔን ያዝ ብሎ ራሱን አቀረበ። እርሷ ወጣች፤ እርሱ ቀረ።

ስልኩን ሳይዘጋ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ውጭ የከበቡት ባልደረቦቹ የውስጡን ድምፅ በዚያ ስልክ ያዳምጡ ነበር። ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ እንዲህ አለፈ። ከቀትር በኋላ ተኩስ ተሰማ፤ ሰብረው ገቡ፤ ታጣቂው ተገደለ። አርኖ ግን በጥይትም በስለትም ቆስሎ ነበር። በማግሥቱ ሆስፒታል ውስጥ ዐረፈ።

ብዙዎች ይህን ሲተርኩ “ሞትን የናቀ ጀግና” ይሉታል። እኔን የሚይዘኝ ግን ያ ስልክ ነው። ሞትን ፈልጎ የገባ ሰው ስልኩን እንዲህ አያኖርም። ከነፍሰ ገዳይ ፊት ቆሞም ሥራውን እየሠራ ነበር፤ ሁሉም በሕይወት የሚወጣበትን መንገድ እየፈለገ ነበር። እናቱ ስለ እርሱ ስትናገር፣ ልጄ ቢጠየቅ “ሥራዬን ነው የሠራሁት እማዬ፣ ሌላ አይደለም” ይለኝ ነበር ብላለች።

ጌታ በምሳሌው “መልካም፥ አንተ በጎ፥ ታማኝም ባሪያ፤ በጥቂቱ ታምነሃል፥ በብዙ እሾምሃለሁ” ሲል ያ ጥቂቱ ምንድን ነው? አርኖ ያን ቀን ከመድረሱ ሦስት ወር አስቀድሞ፣ በታኅሣሥ፣ አሸባሪ ሱፐርማርኬት ቢገባ ምን ይደረግ የሚል ልምምድ ለባልደረቦቹ መርቶ ነበር። የማንም ዓይን ያላረፈበት ሥራ ነበር። እምነቱም እንዲሁ ነው። በልጅነቱ የተቀበለው አልነበረም፤ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ፈልጎ ያገኘው ነው። ሁለት ዓመት እንደ ተማሪ ቁጭ ብሎ ተምሮ ነው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ቁርባን የተቀበለው። መኮንን ሆኖ፣ ማዕርግ ለብሶ፣ ከጀማሪዎች ጋር መማር! እኛ ስንቶቻችን ነን “ይህንንማ አውቀዋለሁ” ብለን ከጉባኤ የምንቀር?

ጥር 11 ቀን ጃን ሜዳ የምታውቁት ነገር አለ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ታቦቱ ፊቱን አዙሮ ሲዘምር፣ ጀርባውን ለታቦቱ ሰጥቶ ሕዝቡን የሚመለከት ፖሊስ አለ። በዓሉን አያይም። እኛ ተረጋግተን እንድናይ ነው የቆመው። እንዲህ ያለ ሰው ቆሞ ማደሩ ራሱ ጸሎት ሊሆንለት እንደሚችል አምናለሁ።

“ነፍሱን ስለ ወዳጆቹ ከመስጠት ይልቅ ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር ለማንም የለውም” የሚለውን በአርኖ ላይ ሁላችን እንጠቅሳለን። ግን ያቺ ሴት ዘመዱ አልነበረችም። ወዳጁ ያደረጋት በእርሷ ቦታ መቆሙ ነው። እኛስ ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ የሞተልን አይደለምን? የአርኖ ሚስትም እርሱ ያደረገው የጸጥታ አስከባሪም የክርስቲያንም ተግባር ነው፣ ለእርሱ ሁለቱ አይነጣጠሉም ብላ መስክራለች።

ከእርሷ ጋር በሕግ ተጋብተው ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ሠርጋቸው ለሰኔ 2 ተቆርጦ ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ሊያጋባቸው ያዘጋጃቸው ካህን ወደ ሆስፒታሉ መጥቶ፣ እርሷ አልጋው አጠገብ እንዳለች፣ የሕሙማንን ቅብዓት ቀባው። በእነርሱ አቆጣጠር የሆሳዕና ዋዜማ ነበር።

በዚህ ሳምንት ስትጸልዩ እርሱንና በዚያን ዕለት የተገደሉትን ሦስቱን አስቧቸው። ወደ ቅዳሴ ስትሄዱ በር ላይ ቆሞ ያደረውን ፖሊስም “እንደምን አደርክ፣ ወንድሜ” በሉት።