ሴቶች በደንና በመሬት ሥራ፦ ተሳትፎና መደጋገፍ

ችግኝ ማፍላት፣ መትከል፣ ማረም፣ ማገዶ መልቀም። በብዙ የዓለም ክፍል ይህ ሁሉ የሴቶች እጅ ያለበት ሥራ ነው። ዛፍ መጣል፣ ማሽን መንዳት፣ ግንድ መሸጥ ላይ ሲደረስ ግን ሴቶቹ አይታዩም። «ሴቶች ወደ ደን ሥራ ይግቡ» የሚለው አባባል ለዚህ ነው የማይዋጥልኝ። ድሮም እዚያው ናቸው። የቀረባቸው ክፍያው፣ ሥልጠናውና የመወሰን ሥልጣኑ ነው።

«ጉልበቱ የላቸውም» የሚለው ክርክር በተግባር ተፈትኗል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1942 ለእንጨት ሥራ የሴቶች ጓድ አቋቋመች። ሴቶቹ በመጥረቢያና በመጋዝ ዛፍ ጣሉ፣ ግንድ ለኩ፣ ትራክተርና የጭነት መኪና ነዱ። በ1946 ጓዱ ተበተነ።

ያኔ በሰፊው ይሠራበት የነበረው መሣሪያ ለሁለት ሰው የሚሆን ባለ ሁለት እጀታ መጋዝ ነው። አንዷ ስትስብ ሌላዋ ትለቃለች። ከተገፋ ስለቱ ይጎብጣል። ዛሬ የሞተር መጋዝ በአንድ ሰው እጅ ይያዛል፤ ጓደኛ ማስፈለጉ ግን አልቀረም። ብቻውን ሲቆርጥ ግንድ የተጫነው ሰው ጩኸቱን የሚሰማለት የለም። ስለዚህ በቡድን ውስጥ መከባበር በቀጥታ የደኅንነት ጉዳይ ነው። ይስቁብኛል ብላ የምትሰጋ ጀማሪ «ይሄ ዛፍ ወዴት እንደሚወድቅ አልገባኝም» ብላ አትጠይቅም። አደጋው ደግሞ እሷ ላይ ብቻ አይደርስም።

ልብሱም ቀላል ነገር አይደለም። የሞተር መጋዝ መከላከያ ሱሪ ውስጥ ያሉት ክሮች የመጋዙን ሰንሰለት ተብትበው እንዲያቆሙ ነው የተሠሩት። ሱሪው ሰፍቶ እግር ላይ ከዞረ መከላከያው ከቦታው ይሸሻል። በወንድ ልክ ብቻ የተሰፋ ልብስ ለሴቷ ያልተሟላ ጥበቃ ነው። መጸዳጃ ቤት የሌለበት የሥራ ቦታም ማን ተፈላጊ እንዳልሆነ ሳይናገር ይናገራል።

የመሬት ይዞታ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። ዛፍ ዓመታት ይጠይቃል፤ መሬቱ ነገ ይወሰድብኛል የሚል ሰው አይተክልም። በአንዳንድ ማኅበረሰቦች ዛፍ መትከል መሬቱን የራስ እንደማድረግ ስለሚቆጠር ሴቶች እንዳይተክሉ ይከለከላሉ።

ኮሚቴ ላይ መቀመጥም አንድ ነገር ነው፣ መደመጥ ሌላ። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው የማኅበረሰብ ደን መመሪያ ከሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ግማሹ ሴቶች እንዲሆኑ ደንግጋለች። ስብሰባው ሴቶች ከቤት መውጣት በማይችሉበት ሰዓት ከተጠራ ግን ወንበሩ ባዶ ይውላል።

ሴቶች እርስ በርስ ሲደጋገፉ ምን እንደሚሆን ሕንድና ኬንያ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 የሕንዷ ሬኒ መንደር ወንዶች በሌሉበት ቀን ዛፍ ቆራጮች መጡ። የመንደሩ ነዋሪ ጋውራ ዴቪ ሴቶቹን አስተባብራ ከዛፎቹ ጎን ቆሙ፤ ቆራጮቹም ተመለሱ። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 በጀመረችው የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ ደግሞ የገጠር ሴቶች በቡድን ሆነው ችግኝ አፈሉ። ለደከሙበት ትንሽ ክፍያ ያገኙ ነበር። የሚከፈላቸውም ተተክሎ ለጸደቀው ዛፍ ነው።