«ፐርፎርማቲቭ» ምንድን ነው? ትወና ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንድ ተናጋሪ ስለ ኢዲሲ ሲተነትን ሰማሁ። ኢዲሲ «ኤቭሪደይ ካሪ» ለሚለው ስም ማሳጠሪያ ነው። ሰንጢ፣ የእጅ ባትሪ፣ መልቲቱል (ብዙ መሣሪያ ባንድ የያዘ ዕቃ)፣ እስክሪብቶ፣ የኪስ ቦርሳ፣ ሰዓት፤ በየቀኑ ከሰው ኪስ የማይለዩ ዕቃዎች ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በተለይ ወንዶች ዘንድ ትልቅ ፍቅር ሆኗል። ዕቃው ተመርጦ ይገዛል፤ ማታ ከኪስ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ ፎቶ ይነሳል።

ተናጋሪው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ዘጋው። «ፐርፎርማቲቭ ወንድነት ነው» አለ። ቀጥሎም ተረጎመልን። «ትወና ነው ማለቴ ነው። እውነተኛ ወንድ ይህ አያስፈልገውም። አባቶቻችን እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም።»

ቃሉ በዚህ ትርጉም ሲነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ውስጥ «ፐርፎርማቲቭ ወንድ» የሚል ስም መጣ። ማቻ የሚባለውን የጃፓን አረንጓዴ ሻይ ይዞ የጨርቅ ቦርሳ ያንጠለጠለ ወጣት ሁሉ፣ ሴቶችን ለመማረክ ያስመስላል ተብሎ፣ በዚህ ስም ተጠራ፤ ውድድር ሁሉ ተካሄደበት። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ወሬ ውስጥም ደጋግሜ እሰማዋለሁ፤ በሰማሁት ቁጥር «አስመሳይ» ማለት ነው። እኔ የቋንቋ ጥናት ሰው ነኝ። ቃሉ ያደገው እኛ ሰፈር ነው። ዝም ማለት አቃተኝ።

ቃሉን ለሙያው የሰጡት የኦክስፎርዱ ፈላስፋ ጄ. ኤል. ኦስቲን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1955 ሃርቫርድ ላይ በሰጡት ትምህርት ዘርዝረው አስረዱት። በ1960 ሞቱ፤ ትምህርቱ በ1962 ታተመ። ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ንግግር ስለ ዓለም አይነግርም፤ ራሱ ያደርጋል። ሽማግሌ ፊት ቆመው «ይቅር ብዬሃለሁ» ሲሉ ስለ ይቅርታ ወሬ እያወሩ አይደለም። ይቅርታው እዚያው ቃሉ ውስጥ ተፈጸመ። «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብሎ መጠየቅ ቦታ የለውም። የሚጠየቀው «ሠራ ወይስ አልሠራም?» ነው።

እኛ ዘንድ ከኦስቲን ምሳሌዎች ሁሉ የሚበልጥ አለ። «በሕግ አምላክ!»

ዛሬ ቃሉ የቀለለ ይመስላል። በድሮው ሥርዓት ግን የተበደለ ሰው መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» ሲል የተጠራው ሰው መቆም ነበረበት። ፖሊስ የለም፤ ወታደር የለም። መንገደኛው ሁሉ ምስክር ይሆናል። ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸውን ጫፍና ጫፍ አስረው፣ ተቆራኝተው፣ ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። አልቆምም ያለ የደፈረው ከሳሹን ብቻ ሳይሆን ሕጉንም ነበር። እግር ያቆመው አንድ ቃል ነው።

አሁን ልጠይቅ። «በሕግ አምላክ» ያለው ሰው እየተወነ ነበር? ድምፁ ቢንቀጠቀጥ፣ ልቡ ቢፈራ እንኳ የታሰረው የልብስ ጫፍ ታስሯል። ቃሉን ያጸናው በውስጡ ያለው ስሜት አይደለም። ያጸናው ከእሱ በፊት ሺህ ሰው ብሎት ሺህ ሰው ስለቆመለት ነው። ማንም ሰምቶት የማያውቅ አዲስ ቃል ከራሱ ፈጥሮ ቢጮህ ማንም አይቆምለትም ነበር።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ደግሞ ይህ ነው። ኦስቲን የመድረክ ንግግርን ለይተው ከጥናታቸው አውጥተውታል። ተዋናይ መድረክ ላይ የሚለው ቃል ባዶ ነው፤ አያስርም ብለዋል። አንድ ተዋናይ ብሔራዊ ቴአትር ላይ «በሕግ አምላክ» ቢል መጋረጃው ሲዘጋ ማንም ዳኛ ፊት አይቀርብም። እንግዲህ ቃሉን ያመጡት ሰው «ትወናን አይጨምርም» ያሉትን ነው እኛ «ትወና» ብለን የምንተረጉመው። ከሳቸው በኋላ የመጣው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣክ ዴሪዳ ይህን ተቃውሟል። የትኛውም ቃል የሚሠራው ከሌላ ቦታ ተጠቅሶ፣ ተደግሞ ነው፤ ስለዚህ መድረኩን ያን ያህል መለየት አይቻልም ብሏል። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ቢሆንም ማንኛቸውም «ፐርፎርማቲቭ ማለት አስመሳይ ነው» አላሉም።

አንድ የሰዋስው ነገር ልጨምር፤ አልፌው መሄድ አልችልም። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በአብዛኛው የአሁን ጊዜ ግስ ይይዛል። በአማርኛ ግን «ይቅር ብዬሃለሁ»፣ «መርቄሃለሁ»፣ «ገዝቼሃለሁ» (ከግዝት) እንላለን። ያለቀ ነገር የምንናገር ይመስላል፤ ያለቀው ግን አሁን፣ ከአፋችን ሲወጣ ነው። «ቃል እገባለሁ» ደግሞ ከዚህ መስመር ይወጣል። ስለዚህ «የአሁን ጊዜ ግስ ፈልጉ» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ምክር ለአማርኛ አይሠራም። ኦስቲን ራሳቸውም በግስ መልክ ብቻ መለየት እንደማይቻል አምነዋል።

ቃሉን ወደ ወንድነትና ሴትነት የወሰዱት አሜሪካዊው ፈላስፋ ጁዲት በትለር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሥራ ክርክራቸው ይህ ነበር። ወንድነት መጀመሪያ ውስጥ ተቀምጦ በኋላ በሥራ የሚገለጥ ነገር አይደለም። በየቀኑ የሚደጋገመው አነጋገር፣ አረማመድ፣ አለባበስ ራሱ ይሠራዋል። ሕፃን ሲወለድ አዋላጇ «ሴት ናት» ስትል ሥራው ይጀምራል ብለዋል። እኛ አገር በብዙ አካባቢ ቀድሞ የሚናገረው እልልታው ነው። ለወንድ ልጅ ይበዛል። ጎረቤት ቤት ሆኖ የሚቆጥር ሰው ልጁን ሳያይ ምን እንደተወለደ ያውቃል። ከዚያ ልጁ ወድቆ ሲያለቅስ «ወንድ ሁን!» ይባላል። ይህን ትእዛዝ ልብ በሉት። ሆኖ የተወለደውን ልጅ ነው «ሁን» የምንለው።

ስለዚህ «እውነተኛ ወንድ» እና «ፐርፎርማቲቭ ወንድ» ብሎ ለሁለት መክፈል ከበትለር ሐሳብ ጋር አይሄድም። በሐሳባቸው ፐርፎርማቲቭ ያልሆነ ወንድነት የለም። የተናጋሪው አባት ወንድነትም፣ የኔ አባት ወንድነትም እንዲሁ የተሠራ ነው።

አባቶቻችን አያውቁም ላለው መልስ አለኝ። በገጠር ወረንጦ በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ገበሬ ያላየ ማን ነው? እሾህ ማውጫ ነው። ቀን ከሌት ከሰውየው አይለይም። ዱላውስ? ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ጣል አድርጎበት ሲሄድ ከሩቅ የሚታወቅ ወንድ ነው። ከብት ይነዳበታል፣ ወንዝ ይሻገርበታል፣ ደግሞም ወንድ ይሆንበታል። ፉከራውን ተዉት። «ዘራፍ!» ብሎ የተነሳ ሰው ሕዝብ ፊት ራሱን አስሯል። ነገ ቢያፈገፍግ የሚያሳፍረው ያ ቃል ነው። ፉከራ ባዶ ትርኢት ቢሆን ኖሮ ማፈግፈጉ ባላሳፈረው ነበር።

ሰንጢም እንዲሁ ናት። ተጣጣፊ የኪስ ቢላ ናት እንጂ ሌላ አይደለችም። በአማርኛ «ሰንጢ ይዟል» ሲባል ግን የሚታየን የሰፈር ዱርዬ ነው። አሜሪካ ኢዲሲ ሰዎች ዘንድ ያችው ዕቃ ጠንቃቃ፣ ለሁሉም ነገር ዝግጁ የሆነ ሰው ታደርጋለች። ብረቱ አልተለወጠም። የተለወጠው ምስክሩ ነው።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ልምጣ። የእህቴ ልጅ የሚኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሥራው ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማታ ሲገባ ኪሱን የሚያራግፍባት ትንሽ የእንጨት ትሪ አለችው። ሰንጢው በግራ፣ ባትሪው አጠገቡ፣ እስክሪብቶው ከባትሪው ትይዩ፣ ሰዓቱ ከላይ። አንዱ ከሌላው ጋር ወይ ትይዩ ነው ወይ ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሠራል። ጠጋ ብዬ ሰንጢውን አየሁት። እጀታው ግራጫ ታይታኒየም ነው። ስለቱ ላይ አንድ ጭረት የለም።

አንድ እሑድ እህቴ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ገዝታ ገባች። አፉ በክር የተሰፋ ነው። ልጁ ሰንጢውን አወጣ። በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ቀጭ ብሎ ተከፈተ። «ቆይ ልጄ» አለችው። የክሩን ትክክለኛ ጫፍ ፈልጋ አንዴ ሳበችው፤ ስፌቱ ዳር እስከ ዳር ተተረተረ። ክሩን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠች። ልጁ ሰንጢውን አጠፈና «እማዬ፣ እንዴት እንደሆነ አሳዪኝ» አላት።

ተናጋሪው ይህን ቢያይ «አያችሁ፣ ለታይታ ነው» ይል ነበር። እኔ ግን ሌላም ነገር አውቃለሁ። ልጁ ማታ ብቻውን ሲሆን፣ መብራት አጥፍቶ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ያንን ሰንጢ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቀጭ፣ ቀጭ። ማንም አያየውም። ዕቃውም ቀኑን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ የሥራ ባልደረቦቹ እንዳለው እንኳ አያውቁም። ለታይታ ከሆነ ተመልካቹ የት አለ? «ትወና» የሚለው ትርጉም እዚህ ላይ መልስ የለውም። ኦስቲንና በትለር ግን አላቸው። ምስክሩ ከሩቅ የመጣ ልማድ ነው። አጠገብ ሰው ባይኖርም ይሠራል።

ድርደራውን ራሱን እንይ። ዕቃን በቀጥታ ማዕዘን መደርደር በእንግሊዝኛ «ኖሊንግ» የሚባል ስም አለው። ስሙን ያወጣው አንድሪው ክሮምሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የአርክቴክቱ ፍራንክ ጌሪ የቤት ዕቃዎች በሚሠሩበት ቦታ ጽዳት ሠራተኛ ነበር። ተበታትኖ የተተወ መሣሪያ ሲያገኝ ሁሉም ባንድ ዓይን እንዲታይ አስተካክሎ ይደረድረው ነበር። ስሙ በዚያ ቤት ከሚሠሩት የኖል ኩባንያ ወንበሮች የመጣ ነው። ያ የጽዳት ሠራተኛ እጅ ልማድ ዛሬ እጁ መሣሪያ በማይነካ ሰው ትሪ ላይ ይደገማል። ዴሪዳ ያለው መጥቀስ ማለት ይህ ነው። የእህቴ ልጅ ክሮምሎን አያውቀውም፤ ግን ይጠቅሰዋል።

ሶሲዮሎጂ ሙያዬ ባይሆንም አሜሪካዊውን የኢኮኖሚና የማኅበረሰብ ተመራማሪ ቶርስቲን ቬብለንን ማንሳት አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ1899 ስለ ከዘራ ጽፈዋል። የጌታ ከዘራ «እጄ ለሥራ የተያዘ አይደለም» ብሎ ያውጃል፤ ደግሞም የጦር መሣሪያ ነው ብለዋል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ታይታኒየም ሰንጢ «እጄ መሥራት ይችላል» ይላል። በኢዲሲ ሰዎች ዘንድ እጅግ ከሚከበሩት ሰንጢዎች አንዱ «ሴቤንዛ» ይባላል። ዋጋው ከ400 ዶላር በላይ ነው። የሠሩት ክሪስ ሪቭ የደቡብ አፍሪካ ሰው ናቸው፤ የሰንጢው ስም በዙሉ ቋንቋ «ሥራ» ማለት ነው። ወንድነት ከእጅ ሥራ ጋር ተሳስሮ በኖረበት አገር ሥራው ወደ ኮምፒውተር ሲዞር፣ የቀረውን ቦታ «ሥራ» የሚባል ዕቃ ሞላው። ልጁን አስመሳይ ማለት ይህን የጎደለውን ነገር ከዓይን መሰወር ነው።

ገበያውም የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። የበትለር ሐሳብ ዋናው ቁም ነገር መደጋገም ነው። ወንድነት አንዴ ተፈጽሞ አያበቃም፤ ነገም መደገም አለበት። ሻጩ ይህን ከፈላስፋው ባልተናነሰ ያውቃል። አዲስ ቀለም፣ አዲስ ብረት፣ በቁጥር የተወሰነ እትም ያወጣል። ገዢዎቹም አሥር ሰንጢ በተራ እያቀያየሩ መያዝን «ሮቴሽን» ይሉታል። ለመቁረጥማ አንዱ ይበቃል። «ትወና ነው» የሚለው ሰው ሸማቹን ይሰድባል እንጂ ሁለተኛው ሰንጢ ለምን እንደተገዛ አያስረዳም።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ ዕቃ የያዘ ሁሉ ወንድነት እየሠራ ነው አላልኩም። መቀስና ባትሪ ኪሷ ውስጥ የማይጠፋ ነርስ አለች። ፒንሳ ይዞ የሚውል ኤሌክትሪሺያን አለ። ሁለተኛ፣ በትለር ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1993 ትርኢትንና ፐርፎርማቲቭነትን ለይተዋል። ትርኢት ሰው አስቦ ጀምሮ የሚጨርሰው ነው። ሌላው ግን ከሰውየው በፊት የነበረ፣ ሰውየውን የሚያስገድድ ልማድ ነው። በዚህ በኩል የኔ «በሕግ አምላክ» ምሳሌም ጎደሎ ነው። ከሳሹ ቃሉን ሊለው ወይም ሊተወው ይችላል። «ወንድ ሁን» የተባለ ሕፃን ግን ምርጫ አልተሰጠውም።

ቃል ይለወጣል፤ ይህን የምክድ የቋንቋ ሰው አይደለሁም። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም «ለመታየት የሚደረግ» የሚለውን አዲስ ትርጉም አስገብተዋል። ችግሩ ሁለቱ ትርጉሞች ባንድ ዓረፍተ ነገር ሲደባለቁ ነው። የበትለርን ስም ጠርቶ «አስመሳይ» ማለት አይቻልም። ለአዲሱ ትርጉም ደግሞ እኛ ድሮም ቃል አለን፤ «ለታይታ» እንላለን። ለኦስቲን ትርጉም ተማሪዎቼ «ክዋኔ» ከሚለው ተነስተው «ከዋኒ ንግግር» ይሉታል። እኔም እቀበለዋለሁ። የፎክሎር ሰዎች ግን «ክዋኔ»ን ዘፈን፣ ተረትና ፉከራ በሕዝብ ፊት ሲቀርብ ለማለት ስለሚጠቀሙበት፣ ስትጽፉ የትኛውን እንደሆነ ለይታችሁ ግለጹ።