የለስላሳ ዘፈኖችና የዲስኮ ቅጂዎቻቸው ንጽጽር በመሃል አዲስ አበባ

አንድን ለስላሳ የፍቅር ዘፈን መጀመሪያ ከተጫወተው ድምፃዊ ጀምሮ በኋላ ደግመው እስከ ተጫወቱት ድረስ በተርታ እያደመጡ ማነጻጸር፣ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በቸርችል ጎዳናና በለገሃር አካባቢ በሚውሉ የዲስኮ አፍቃሪዎች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ንጽጽሩ መዝገብም ሆነ የተሾመ ዳኛ የለውም። በማኪያቶ ጠረጴዛ ዙሪያ፣ በሙዚቃ ቤት ደጃፍ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ ይጀመርና፣ አንዱ ዘፈኑን ሲያስጀምር ሌላው «የእገሌን ሰምተኸዋል?» ብሎ ይቀጥላል። ደግሞ የተዘፈነ ሥራ ዛሬ በተለምዶ «ከቨር» ይባላል። ቀደም ሲል ይነገር የነበረው «ኮፒ» የሚለው ቃል የመስረቅ ቃና ስላለው በቁም ነገር የሚያደምጡ ሰዎች ይሸሹታል። ከቨር ከሪሚክስም ይለያል፤ ሪሚክስ የነበረውን ቅጂ እንደገና ቆራርጦና አስፍቶ ሲያቀናብር፣ ከቨር ግን ግጥምና ዜማውን ብቻ ወስዶ በሌላ ድምፅና በሌላ ቅንብር አዲስ ቅጂ ይሠራል።

ለዚህ ዓይነቱ ንጽጽር «ኔቨር ካን ሴይ ጉድባይ» የተባለውን ዘፈን ያህል የተመቸ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ግጥምና ዜማው የክሊፍተን ዴቪስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ጃክሰን ፋይቭ የተባሉት ወንድማማቾች ቡድን ሲያወጡት መሪ ድምፃዊው ማይክል ጃክሰን ገና የ12 ዓመት ልጅ ነበር። ሥራው በአሜሪካ የቢልቦርድ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያው ዓመት አይዛክ ሄይስ ያንኑ ዘፈን በወፍራምና በተረጋጋ ድምፁ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ስንብት አድርጎ ተጫወተው። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ ያደመጠ ሰው አንድ ቃል ሳይለወጥ ተናጋሪው ብቻ በመለወጡ የዘፈኑ ትርጉም ምን ያህል እንደሚርቅ ይገነዘባል፤ ልጁ መለያየትን የሚፈራው ገና ሳያውቀው ነው፣ ሄይስ ግን ደጋግሞ የሞከረውና ያልሆነለት ሰው ይመስላል።

ሦስተኛዋ ግሎሪያ ጌይነር ናት። እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣችው ቅጂ ዘፈኑን ከሶፋ አንስቶ ወደ መደነሻው ወለል ወሰደው፤ ቢልቦርድ በዚያው ዓመት ለዲስኮ ባቋቋመው ሰንጠረዥም የመጀመሪያው አንደኛ ሆነ፣ በአጠቃላዩ ሰንጠረዥ ደግሞ 9ኛ ደረጃ ያዘ። በቀጣዩ ዓመት በወጣው አልበሟ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሦስት ዘፈኖች ያለ ምንም ዕረፍት ተያይዘው ቀርበዋል። ይህን ያቀናጀው ቶም ሞልተን ሲሆን፣ ተደናሾች በዘፈኖች መካከል ቆመው እንዳይቀሩ የፈጠረው ዘዴ ለዲስኮ ሸክላዎች ሁሉ አርአያ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ኮሚዩናርድስ የተባሉት እንግሊዛውያን ጥንድ ሙዚቀኞች በጂሚ ሶመርቪል ቀጭን ድምፅ እንደገና አወጡትና በእንግሊዝ 4ኛ ደረጃ ደረሰ። ይህን የመጨረሻውን በመጀመሪያ የሰማ የአዲስ አበባ አድማጭ ጥቂት አይደለም፤ ብዙ ክርክርም የሚነሳው ከዚህ ነው።

ለስላሳ ዘፈን ዲስኮ ሲሆን የሚሆነውን ለመረዳት የምቱን ስሌት ማየት ያስፈልጋል። ዲስኮ በአብዛኛው በደቂቃ ከ110 እስከ 130 ምት ይሄዳል፤ ትልቁ ከበሮ በእያንዳንዱ ምት ላይ ያለ ማቋረጥ ይረግጣል፣ በምቶቹ መካከል ሃይሃቱ (ጥንዱ ጸናጽል) ይከፈታል፣ ቤዝ ጊታሩ ይዘላል፣ ቫዮሊኖቹ ደግሞ ከላይ ይዘረጋሉ። በደቂቃ 60 ምት የሚሄድ ዝግተኛ ዘፈን ምቱ በእጥፍ ሲቆጠር 120 ይሆናል፤ ስለዚህ ድምፃዊዋ ቃላቱን ሳታጣድፍ በነበረው እርጋታ መዝፈን ትችላለች፣ የሚሮጠው ከሥሯ ያለው ከበሮ ነው። በእኔ እምነት የዲስኮ ከቨር ትልቁ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ ሐዘኑ ሳይነካ ይቀመጣል፣ እግር ግን ይንቀሳቀሳል። ይህ ሳይገባቸው ዜማውንም አብረው ያጣደፉ አቀናባሪዎች የሠሯቸው ቅጂዎች በንጽጽሩ ሁልጊዜ ይወድቃሉ። ምቱን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያሻም፤ በ15 ሴኮንድ ውስጥ ያለውን ቆጥሮ በአራት ማብዛት በቂ ነው፣ ልምድ ያላቸውም በጣታቸው ጠረጴዛ እየመቱ ያደርጉታል።

ሌላው ተደጋግሞ የሚነሳው ምሳሌ የጂሚ ዌብ ድርሰት የሆነው «ማካርተር ፓርክ» ነው። ተዋናዩ ሪቻርድ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1968 ከ7 ደቂቃ በላይ በሚረዝም ቅጂ ተጫውቶት 2ኛ ደረጃ ሲያደርሰው፣ ዶና ሰመር ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ በጆርጂዮ ሞሮደር አዘጋጅነት አንደኛ አወጣችው። የእርሷ ቅጂ ከነጠላ ድምፅ በዝግታ ተነስቶ ከበሮው ድንገት የሚገባበት ስለሆነ ዘፈኑ በራሱ ውስጥ ሁለት ቅጂ የያዘ ያህል ነው።

የመሃል አዲስ አበባ አድማጭ ወደዚህ ንጽጽር የሚመጣው ባዶ ጆሮ ይዞ አይደለም። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ የሆነው ትዝታ የቅኝትም የዘፈንም ስም ነው፤ ደራሲው አንድ ሰው ነው ተብሎ አይጠራም፣ በየዘመኑ የተነሳ ድምፃዊ ሁሉ የራሱን ስንኝ ጨምሮ ይዘፍነዋል። ስለዚህ የማሕሙድ አሕመድን ትዝታ ከበዛወርቅ አስፋው ትዝታ ጋር አነጻጽሮ ያደገ ሰው፣ ዘፈን የመጀመሪያው ዘፋኝ ርስት ነው ብሎ አያስብም። የሚጠይቀው ማን ቀደመ ብሎ ሳይሆን ማን አንጀት በላ ብሎ ነው። ከሁሉም በላይ ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን ጌታቸው ካሳ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ትዝታን በዝግታና በፍጥነት፣ ሁለት ጊዜ፣ ማስቀረጹ ነው። አንዱ ድምፃዊ አንዱን ናፍቆት በሁለት ፍጥነት ማቅረቡ፣ የዲስኮ አፍቃሪዎች ከውጭ ዘፈኖች ፈልገው የሚያገኙትን ጥያቄ በአማርኛ አስቀድሞ ያነሳል፤ የሚናፍቅ ሰው መቀመጥ አለበት ወይስ መደነስ ይችላል?

የውጭ ዘፈኖች ወደ መሃል ከተማ የገቡበት መንገድም በንጽጽሩ ላይ አሻራውን ትቷል። አምሐ እሸቴ ሐረምቤ በተባለው ሙዚቃ ቤቱ የውጭ ሸክላ ይሸጥ ነበር፤ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ የነበረውን ሸክላ የማሳተም መብት ደፍሮ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. በራሱ ስም የአማርኛ ሸክላዎችን ያሳተመውም እርሱ ነው። ዲስኮ በአሜሪካ ሲፈነዳ ግን እኛ ዘንድ ዘመኑ ተለውጦ ነበር፤ የጌይነር ዘፈን በወጣበት ዓመት፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ፣ ቀጥሎም የሰዓት እላፊ ዓመታት መጡ። የምሽቱ ሕይወት ወደ ሆቴሎች ገባ፤ ዋሊያስ የተባለው ባንድ በሒልተን፣ አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል፣ ሮሃ ባንድ በግዮን ይጫወቱ ነበር። ሰዓት እላፊ ከመድረሱ በፊት የገባ ሰው በሩ ተዘግቶበት እስከ ንጋት ይቆይ ስለነበር፣ ሌሊቱ ረጅም ነበርና ዝግተኛውም ፈጣኑም ዘፈን ተራ ይደርሰው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ወጣት የነበሩ ሰዎች ዲስኮን ሲያስታውሱ ከደስታው ጋር የተዘጋውን በርና ማለዳ ወደ ቤት የሚኬድበትን ጭር ያለ ጎዳና አብረው ያነሳሉ።

ከዚያ ካሴት ነገሠ። የፈለጉትን ዘፈን መርጦ በባዶ ካሴት ማስቀዳት የሙዚቃ ቤቶች የዕለት ሥራ ነበር፤ በዚህ መንገድ ዘፈኑ ቢደርስም የደራሲው ስም፣ ዓመተ ምሕረቱና ከሸክላው ሽፋን የሚገኘው ሌላ መረጃ ሁሉ ይቀር ነበር። በእጅ ከተጻፈው የዘፈን ርዕስ ሌላ ምንም ያልነበረው አድማጭ መጀመሪያ ጆሮው የገባውን ቅጂ «ኦርጅናል» ብሎ መያዙ ተፈጥሯዊ ነው፤ እኔም የኮሚዩናርድስን ቅጂ የራሳቸው ድርሰት አድርጌ ለብዙ ጊዜ አምኜ ኖሬያለሁ። ሌላው ችግር ፍጥነት ነው። የቴፑ ጎማ ሲላላ ወይም ባትሪው ሲደክም ዘፈኑ ይዘገያል፣ ድምፁም ይወፍራል፤ ከካሴት ወደ ካሴት ሲቀዳ ደግሞ ስሕተቱ ይደራረባል። ስለዚህ በካሴት ያደጉ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቅጂ እርጋታ ሲከራከሩ፣ ሁለቱም የሰሙትን በትክክል እየተናገሩ ሊሆን ይችላል።

በጭፈራ ላይ ሁለቱ ዓይነቶች የሚሰጡት አገልግሎት የተለያየ ነው። በመሃል ከተማ «ብሉዝ» የሚባለው ዝግተኛ ዳንስ ጥንዶችን ብቻ ይፈልጋል፤ መብራቱ ሲደበዝዝ አጋር ያለው ይነሳል፣ የሌለው ወንበሩ ላይ ይቀራል። ያው ዘፈን በዲስኮ ምት ሲመጣ ብቻውን የመጣውም ይነሳል። አንዳንዶች ለጌይነር የሚያደሉት በድምፅዋ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ የስንብት ዘፈን የሚያስፈልገው ይበልጥ አጋር ለሌለው ሰው ነውና ይህ ምክንያት ክብደት አለው።

በሕግ በኩል ጉዳዩ አጭር ነው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥምና የዜማ ባለቤትን መብት ከድምፃዊውና ከአሳታሚው መብት ለይቶ ይጠብቃል፤ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሰው ከቨሩን ሲያደንቅ ደራሲውን መርሳቱ የተለመደ ቢሆንም፣ ክሊፍተን ዴቪስን ስሙን ሳይጠሩ አራቱን ቅጂዎች ማወዳደር ግን ጎዶሎ ነው።

የፒያሳ አካባቢዎች፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ በ2016 ዓ.ም. በመልሶ ግንባታ ፈርሰዋል፤ በየደጃፉ ተቀምጦ ማድመጥም አብሮ ተበትኗል። ዛሬ አራቱም ቅጂዎች በአንድ ስልክ፣ በትክክለኛ ፍጥነታቸውና ከነዓመተ ምሕረታቸው ይገኛሉ። ስለዚህ ማን ቀደመ የሚለው ክርክር በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ቡናው ቀርቦ ስልኩ ጠረጴዛው መሃል ሲቀመጥ የሚቀረው ሌላው ነው፤ የልጁ ድምፅ ይሻላል ወይስ የሄይስ? ከበሮው ሲገባ ስንብቱ ይቀላል ወይስ ይከብዳል? እኔ እስካሁን ከሄይስ ጋር ነኝ፤ አብረውኝ የሚቀመጡት አብዛኞቹ ግን ከጌይነር ጋር ናቸው።