የከተማ ጎዳና የመኪና ውድድር ፈተናው ምንድን ነው?

የከተማ ጎዳና ውድድር የሚባለው፣ ለእሽቅድምድም ተብሎ በተሠራ ሜዳ ሳይሆን፣ በአዘቦቱ ቀን አውቶቡስና ታክሲ በሚመላለስበት መንገድ ላይ የሚካሄድ የመኪና ውድድር ነው። ስመ ጥሩው እ.ኤ.አ. በ1929 የተጀመረው የሞናኮው ሲሆን፣ የፎርሙላ ዋን (የዓለም ዋነኛው የመኪና ውድድር) አሽከርካሪዎች 3.337 ኪሎ ሜትር የሆነውን መንገድ 78 ጊዜ ይዞሩታል።

በመደበኛ ሜዳ ላይ ፍሬን ዘግይቶ የያዘ አሽከርካሪ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ትርፉ ቦታ ወጥቶ ይመለሳል፤ በጎዳና ላይ ግን ከአስፋልቱ ዳር ቀጥሎ ያለው የብረት አጥር ነው። ፈጣን ሰዓት የሚገኘውም ጎማው አጥሩን ሊነካ እስኪቃረብ በመጠጋት ስለሆነ፣ ስሕተትና ድል የሚለያዩት በጣት ስፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በሞናኮ ብራዚላዊው አሽከርካሪ አይርተን ሴና ተከታዩን እጅግ ርቆ እየመራ ሳለ፣ ጥቂት ዙሮች ሲቀሩት ማንም ሳይነካው ከአጥሩ ጋር ተጋጭቶ ከውድድሩ ወጥቷል።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚያሻው ግን መንገዱ ራሱ ይመስለኛል። የትራፊክ ቀለም በዝናብ ጊዜ ያንሸራትታል፤ በየቦታው የተጠጋገነው አስፋልትም መኪናውን ያነጥረዋል። የማንሆል ክዳን ደግሞ የባሰ አደጋ አለው፤ ምክንያቱም በመኪናው ወለል ሥር በፍጥነት የሚያልፈው አየር ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ መኪናውን ወደ መሬት የሚስበው ኃይል ክዳኑን ወደ ላይ ይስበዋል። ክዳኖቹ በብየዳ የሚታሰሩት ለዚህ ነው። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2023 በላስ ቬጋስ ልምምዱ ከተጀመረ ከ8 ደቂቃ ገደማ በኋላ የካርሎስ ሳይንዝ ፌራሪ ከቦታው የተነሣ የውሃ መስመር ክዳን መትቶ ወለሉ ተሰባበረ። ባትሪው በመለወጡም፣ ጥፋቱ የመንገዱ ሆኖ ሳለ፣ ደንቡ አሽከርካሪውን 10 ደረጃ ወደ ኋላ አስጀመረው፤ ይህ ፍትሕ የጎደለው ውሳኔ ነበር።

ቀሪው ችግር ጥበት ነው። በአዘርባጃን ዋና ከተማ በባኩ፣ በአሮጌው ከተማ ቅጥር ሥር የመንገዱ ስፋት 7.6 ሜትር ብቻ ነው፤ በሞናኮም መቅደም እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ 10 መኪኖች በተነሡበት ቅደም ተከተል ጨርሰዋል። ይህን ሥርዓት የሚያፈርሰው ዝናብ ነው፤ እዚያው ሞናኮ እ.ኤ.አ. በ1996 ከ14ኛ ቦታ የተነሣው ኦሊቪዬ ፓኒስ ሲያሸንፍ፣ እየሮጡ የመጨረሻውን መስመር ያለፉት 3 መኪኖች ብቻ ነበሩ።